ቀይ ባሕር ደርቆ ያውቃል? ለአንድ መምህር ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ይህ ነው፦ «የታሪክ መምህር ነኝ። ስለ ሰው ልጅ አመጣጥ እያስተማርኩ አንዲት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣችና ‹በበረዶ ዘመን ቀይ ባሕር ደርቆ ሰዎች ወደ የመን በእግራቸው ተሻገሩ የሚባለው እውነት ነው?› አለችኝ። ቀጥላም ‹በረዶው የነበረው ፈረንጅ አገር ከሆነ የእኛ ባሕር ለምን ጎደለ?› ብላ ጨመረች። ሁለቱንም በቅጡ መመለስ አልቻልኩም። ኢትዮጵያ ራሷስ በረዶ ነበራት ወይ?»

ሰላም መምህር፣

በመጀመሪያ ተማሪዎን ያመስግኑልኝ። ሁለቱም ጥያቄዎች ባለሙያዎችን ለብዙ ዓመታት ያከራከሩ ናቸው። የእኔ ሙያ ደለል ማጥናት ነው። ከሐይቅና ከባሕር ወለል በረጅም ቱቦ ተስቦ የወጣ ጭቃ ላይ አጎንብሼ ነው የምውለው። ስለዚህ የምነግርዎ ነገር አብዛኛው ከጭቃ የተገኘ ነው።

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ቀይ ባሕር አልደረቀም። በጣም ጎድሏል፣ በሩም ጠቧል፤ ግን አልተዘጋም። በደቡብ በኩል የተሻገረ ሰው ካለ ውሃ ነው የተሻገረው። በእግር የሚኬደው በሲና በኩል ነው፤ እሱ ደግሞ ባሕሩ ሲጎድልም ሲሞላም የብስ ነበር። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ተማሪዎ እንድትይዝልኝ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በሩ በጠበበ ጊዜ መንገዱ ደርቆ ነበር፤ መንገዱ በለመለመ ጊዜ ደግሞ በሩ ሰፍቶ ነበር። ነገሩን አስቸጋሪም ማራኪም ያደረገው ይሄ ነው።

ከሁለተኛው ጥያቄ ልጀምር። የመጀመሪያው የቆመው በእሱ ላይ ነው።

እኛ በረዶ ስንል ቶሎ የሚመጣልን በክረምት ቆርቆሮ ላይ እየተንኳኳ የሚወርደው ነው። ወርዶ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ይቀልጣል። የበረዶ ዘመኑ በረዶ ሌላ ነው። በብርዱ ወራት የወረደው አመዳይ ሙቀቱ ሲመጣ ሳይቀልጥ ይቀራል። በላዩ የሚቀጥለው ዓመት ይወርድበታል። እንዲህ እያለ በሺዎች ለሚቆጠሩ ዓመታት ይደራረባል፤ ከታች ያለው በክብደት ተጨፍልቆ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። ከ26,000 እስከ 20,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ካናዳን፣ የዛሬዋን አሜሪካ ሰሜናዊ ክፍል፣ ስዊድንን፣ ኖርዌይንና ፊንላንድን የዋጠው የበረዶ ግግር አንዳንድ ቦታ ላይ ውፍረቱ 3 ኪሎ ሜትር ይደርስ ነበር።

ያ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ? ከባሕር ነው። ባሕሩ ይተናል፣ ደመና ይሆናል፣ የብስ ላይ ይወርዳል። በደኅናው ጊዜ በወንዝ ተመልሶ ወደ ባሕር ይገባል። በበረዶ ዘመን ግን ባሕሩ ያበደረውን የብሱ አልመለሰም። ከ40 ሚሊዮን ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር በላይ ውሃ የብስ ላይ ታስሮ ቀረ። የባሕሩ ጠለል ከዛሬው 120 ሜትር ያህል ዝቅ አለ፤ እንዲያውም ከዚያ ትንሽ ይበልጣል የሚሉም አሉ። ውቅያኖሶች ሁሉ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸው። ቀይ ባሕርም በኤደን ባሕረ ሰላጤ በኩል ከሕንድ ውቅያኖስ ጋር ይገናኛል። ካናዳ ውስጥ በረዶ ሲከመር ምጽዋ ላይ ውሃ የሚሸሸው ለዚህ ነው።

ይህን ክፍል ውስጥ ማሳየት ይቻላል። ሁለት ብርጭቆ ይያዙ። በአንዱ ውሃ ይጨምሩና በረዶ ያንሳፉበት፣ ከዚያ የውሃው ከፍታ የደረሰበትን በእስክሪብቶ ያስምሩ። በሌላው ውስጥ ከውሃው በላይ ብቅ የሚል ድንጋይ ያስቀምጡ፤ በረዶውን ድንጋዩ ላይ ያድርጉና እንዲሁ ያስምሩ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ በረዶዎቹ ይቀልጣሉ። የመጀመሪያው ብርጭቆ ከመስመሩ ንቅንቅ አይልም። የሁለተኛው ከፍ ይላል። ባሕሩን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የብስ ላይ የተቀመጠው በረዶ እንጂ የሚንሳፈፈው አይደለም። ልጆቹ ይህን በዓይናቸው ካዩ በኋላ አይረሱትም።

በረዶው ለምን መጣ ካሏችሁ፣ ምድር ፀሐይን የምትዞርበት መንገድ ቅርጽና የምድር ዘንግ ማዘንበል በጣም በዝግታ ስለሚለዋወጥ ነው። ሰርቢያዊው ሚሉቲን ሚላንኮቪች ነው በሒሳብ የቀመረው። በሰሜን በኩል የሙቀቱ ወራት ፀሐይ ሲዳከም አመዳዩ ሳይቀልጥ ይከርማል። ላለፉት 800,000 ዓመታት ገደማ ትልልቆቹ የበረዶ ዘመናት በአማካይ በየ100,000 ዓመቱ ነው የተመላለሱት።

የብሱም ክብደቱ ተሰምቶታል። ስፖንጅ ፍራሽ ላይ ከባድ ሰው ሲቀመጥ ይጎደጉዳል፤ ሲነሳ ቀስ ብሎ ይመለሳል። በስዊድንና በፊንላንድ መካከል ባለው የቦትኒያ ባሕረ ሰላጤ ዳርቻ መሬቱ ዛሬም በዓመት 9 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ እያለ ነው። በረዶው ከለቀቀው 10,000 ዓመት አለፈው፣ መሬቱ ግን ገና ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። የድሮ ወደቦች ከውሃው ርቀው ሜዳ ላይ ቀርተዋል።

አሁን ወደ ቀይ ባሕር እንምጣ።

የስዊዝ ቦይ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1869 ነው። ከዚያ በፊት ቀይ ባሕር አንድ በር ብቻ ነበረው፤ ባብ ኤል መንደብ፣ የልቅሶ በር። ሰርጡ ዛሬ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይሰፋል። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን የበሩ ደፍ ያለው እዚያው ሰርጡ ላይ አለመሆኑን ነው። ከሰርጡ ወደ ሰሜን ርቆ፣ ኤርትራና የመን እ.ኤ.አ. በ1995 በተጋጩባቸው በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ነው ያለው። እዚያ የባሕሩ ወለል ከፍ ይላል። ወደ ውስጥ የሚገባም ወደ ውጭ የሚወጣም ውሃ ያንን ደፍ ማለፍ አለበት። ጥልቀቱ 137 ሜትር ነው።

እንግዲህ እናስላ። ደፉ 137 ሜትር ላይ ነው። ባሕሩ የጎደለው 120 ሜትር ገደማ ነው። በደፉ ላይ የቀረው ውሃ 15 ሜትር ገደማ ነበር ማለት ነው፤ የአራት ወይም የአምስት ፎቅ ቤት ቁመት። መተላለፊያውም እንደ ወንዝ ጠቦ በጥቂት ኪሎ ሜትር ስፋት ብቻ የቀረባቸው ቦታዎች ነበሩ። ግን ውሃ ነበር።

«15 ሜትር እኮ ትንሽ ናት፤ ስሌቱ ትንሽ ቢሳሳት ተዘግቶ ነበር ማለት አይደለም ወይ?» ሊሉኝ ይችላሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የምንተማመነው በስሌቱ ብቻ አይደለም። ባሕሩ ራሱ ምስክር ትቶልናል።

ቀይ ባሕር በትነት ብቻ በዓመት 2 ሜትር ያህል ውሃ ያጣል። ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ትልቅ ወንዝ አይገባበትም። የሚተካለት ከደቡብ በበሩ በኩል ነው። አማካይ ጥልቀቱ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ ነው። በሩ ጨርሶ ቢዘጋ በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ባሕሩ ወደ ጨው ሜዳ ይለወጥ ነበር። ወለሉን ስንቆፍር ከ20,000 ዓመት በፊት የሆነ ወፍራም የጨው ንጣፍ ማግኘት ነበረብን። የለም።

ሁለተኛው ምስክር እኔ በጣም የምወደው ነው። ከወለሉ የወጣውን ጭቃ በወንፊት ሲያጥቡት ጥሩ አሸዋ የመሰለ ነጭ ነገር ይቀራል። ለዓይን ምንም አይደለም። ማይክሮስኮፕ ስር ሲያደርጉት ግን እያንዳንዷ ቅንጣት ቤት ናት። እንደ ፈንዲሻ እርስ በርስ የተያያዙ ክብ ክብ ክፍሎች፣ ግድግዳቸው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የመሰሉ ነጥቦች። ፎራሚኒፌራ ይባላሉ፤ አንድ ሕዋስ ብቻ ያላቸው የባሕር ፍጥረታት ናቸው። ሲሞቱ ዛጎላቸው ወለሉ ላይ ይቀራል። እኛ በቀጭን እርጥብ ብሩሽ አንድ በአንድ እንለቅማቸዋለን። ከዛጎላቸው ውስጥ የምንለካው ኦክስጅን ነው። ኦክስጅን ቀላልና ከባድ አለው። ውሃ ሲተን ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ይቀራል። በሩ ሲጠብ ውሃው ቀይ ባሕር ውስጥ ብዙ ይቆያል፤ ብዙ ይተናል፤ ከባዱ ኦክስጅን እየበዛ ይሄዳል። ፎራሚኒፌራዎቹም ቤታቸውን በዚያው ውሃ ይሠራሉ። ስለዚህ ዛጎላቸው በሩ ምን ያህል እንደጠበበ፣ ማለትም ባሕሩ ምን ያህል እንደጎደለ ይነግረናል። ቀይ ባሕር ለዓለም የባሕር ጠለል ታሪክ ከምርጥ መለኪያዎች አንዱ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ታሪኩ እስከ 470,000 ዓመት ወደ ኋላ ተነቧል። በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ በሩ የተዘጋበት ዘመን አልተገኘም። በከፋው ጊዜ ጨዋማነቱ እጅግ ጨምሯል። ዛሬ በሰሜኑ ጫፍ በአንድ ሊትር 40 ግራም ያህል ጨው አለ፤ ያኔ ከ50 በላይ ደርሶ ነበር። ከላይ የሚንሳፈፉት ፎራሚኒፌራዎች አልቻሉም፣ ከብዙ ቦታ ጠፉ። ደለሉ ውስጥ እነሱ የሌሉበትን ንጣፍ በግልጽ እናያለን። ግን ባሕሩ እስትንፋሱ አልተቋረጠም። ከሕንድ ውቅያኖስ ውሃ በዚያች ጠባብ በር እየገባ ሕይወቱን አቆየው።

ስለ ደረቀ ባሕር ካነሳን አፋርን ማለፍ አይቻልም። ዳሎልና አሳሌ ዛሬ ከባሕር ጠለል በታች 120 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ባሕሩ ከ20,000 ዓመት በፊት ከጎደለበት ጋር ይቀራረባል። ያኔ አንድ ሰው ከዳሎል ተነስቶ ወደ ቀይ ባሕር ቢሄድ፣ የሚያገኘው የውሃ ፊት እሱ ከተነሳበት ብዙም ከፍ አይልም ነበር ማለት ነው። ቀይ ባሕር በከፍታ ዘመኑ ወደ ደናክል ገብቶ ነበር፤ አንዴ ብቻም አይደለም። ከባሕር ርቆ በረሃ ላይ የቆመ የኮራል ድንጋይ ዛሬም በዳርቻው አለ። መሬቱ ከፍ ብሎ መግቢያውን ሲዘጋበት ያ ውሃ ተነነ። ንጣፉ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ የሚወፍር ጨው ትቶ ሄደ። አፋሮች በምሳር ፈልጠው በግመል የሚያወጡት አሞሌ ሥሩ ባሕር ነው። በሩ የተዘጋበት ባሕር ምን እንደሚሆን ማየት የፈለገ ሰው አሳሌን ይይ።

ታዲያ ሰዎች በደቡብ በኩል ተሻገሩ ወይስ አልተሻገሩም? ይቻል እንደነበር አልጠራጠርም። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ውሃ መሻገር ያውቃሉ። ማስረጃው አውስትራሊያ ናት። ባሕሩ የቱንም ያህል ቢጎድል ከእስያ እስከ አውስትራሊያ የብስ ሆኖ አያውቅም፤ ሰዎች ግን ከ50,000 ዓመት ገደማ በፊት እዚያ ደርሰዋል። ተንሳፋፊ ነገር ሠርተው የሰፋ ባሕር ተሻግረዋል። ማዶው በዓይን የሚታይ ጠባብ ሰርጥ ለእነሱ ግድግዳ አይሆንም።

እዚህ ላይ ግን ዘመኑን ልብ ይበሉ። ባሕሩ የመጨረሻውን ዝቅታ የነካው ከ26,000 እስከ 20,000 ዓመት በፊት ነው። ያኔ አውስትራሊያ ውስጥ ሰው ከገባ ብዙ ሺህ ዓመት አልፎት ነበር። ዛሬ ከአፍሪካ ውጭ ያለው የዓለም ሕዝብ ዘሩ በአብዛኛው የሚመዘዘው ከ60,000 እስከ 50,000 ዓመት በፊት ከወጡ ሰዎች ነው። ስለዚህ «ባሕሩ በጣም ሲጎድል ወጡ» የሚለው ትረካ ቀኑ አይገጥምም። ብዙ መጻሕፍት ላይ ያለው ካርታ፣ ከጅቡቲ ወደ የመን የተሰመረው ያ ወፍራም ቀስት፣ ይህን ይሸፍነዋል።

ከመነሻዬ ያልኩት ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ውቅያኖሱ ሲጎድል ዓለም ቀዝቅዟል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ዝናቡ ይሸሻል። ዓረቢያ ምድረ በዳ ይሆናል። በሩን የተሻገረ ሰው ማዶ ላይ የሚጠብቀው አሸዋ ነው። በረዶው ሲቀልጥና ዝናብ ሲመለስ ዓረቢያ ሐይቅና ሣር ታበቅላለች፤ ግን ያኔ ባሕሩ ሞልቷል። በሳዑዲ ዓረቢያ ኔፉድ በረሃ አል ዉስታ በሚባል ቦታ የተገኘው የሰው የጣት አጥንት ዕድሜው ወደ 90,000 ዓመት ይጠጋል። አብሮት የጉማሬ አጥንት አለ። ዛሬ አሸዋ ብቻ ባለበት ጉማሬ ይዋኝ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የዛሬ 125,000 ዓመት ገደማ፣ ባሕሩ ከዛሬውም ከፍ ባለ ጊዜ፣ በኤርትራ ዙላ ባሕረ ሰላጤ አብዱር ላይ ሰዎች የባሕር ዳርቻ ኑሮ ይኖሩ ነበር። የድንጋይ መሣሪያቸው የተገኘው ከኮራሉ ድንጋይ ውስጥ ነው።

በእኔ ግምት ሰውን ያንቀሳቀሰው ከባሕሩ ይልቅ ዝናቡ ነው። ለዚህም ቅርብ ማስረጃ አለን። መተማ አካባቢ በሽንፋ ወንዝ ዳር የተገኘ የሰዎች ሠፈር አለ፤ ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ነው የወጣው። ሠፈሩ ውስጥ ለዓይን የማትታይ የእሳተ ገሞራ መስታወት ቅንጣት ተገኝታለች። የመጣችው ከኢንዶኔዥያዋ ሱማትራ ደሴት፣ ከቶባ እሳተ ገሞራ ፍንዳታ ነው፤ ከ74,000 ዓመት በፊት። ሰዎቹ በዚያ ጊዜም አልጠፉም። በጋው ሲረዝምና ወንዙ ሲቆራረጥ በየኩሬው የታጎረውን ዓሣ አብዝተው በሉ። አንዱ ኩሬ ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ሄዱ። ጥናቱን ያደረጉት ሰዎች በበጋ የሚቆራረጥ ወንዝ እንዲህ እየመራ ከአካባቢያቸው አርቆ ሊያወጣቸው ይችላል ይላሉ። እኔን ያሳምነኛል። የሽንፋን ወንዝ በጋ ላይ ያየ ሰው ኩሬዎቹን ያውቃቸዋል።

ሦስተኛው ጥያቄዎ፣ ኢትዮጵያ በረዶ ነበራት ወይ? ነበራት። ዛሬ አንድም የበረዶ ግግር የላትም፤ ያኔ ግን ባሌ ሳነቴ ላይ፣ አርሲ ላይና ሰሜን ተራሮች ላይ ነበር። ግግሩ እየገፋ ያመጣው የድንጋይ ክምር ዛሬም ሳነቴ ላይ ተደርድሮ ይታያል። የሚገርመው ሰውም እዚያው አቅራቢያ ነበር። ፊንቻ ሃበራ በሚባል የባሌ ዋሻ፣ ወደ 3,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመት በፊት ባለው ጊዜ እየተመላለሱ ኖረዋል። ግዙፉን የባሌ ፍልፈል በእሳት ጠብሰው ይበሉ ነበር። ባልጩቱን የሚያመጡት ከዋሻው በላይ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ካለ ቦታ ነው፤ ግግሩ ያለበት አካባቢ ማለት ነው። ቆላው በድርቅ ሲመታ የግግሩ ቅላጭ ውሃ ሳይስባቸው አልቀረም። ፍልፈሉም በያለበት ነበር። ስደት ሁልጊዜ ወደ ባሕር ማዶ አይደለም፤ ሽቅብም ይኬዳል።

ቆላው ብቻም አይደለም የተመታው። ጣና ደርቋል። ከ17,000 ዓመት ገደማ በፊት ከጣና ወለል ያለው ጭቃ ውሃ ያጣ ደረቅ ሸክላ ነው። ከዚያ በላይ የደንገል ዘመዶች የሆኑ የረግረግ ተክሎች ቅሪት ይመጣል። ከ15,000 ዓመት ገደማ በፊት ሐይቁ ሞልቶ እንደገና ዓባይን ማፍሰስ ጀመረ። ቪክቶሪያ ሐይቅም በዚያው ዘመን ደርቆ ነበር። ባሕር ደርቆ ያውቃል ብላ ለጠየቀች ልጅ ይህን ይንገሯት፦ ቀይ ባሕር አልደረቀም፣ ጣና ግን ደርቋል።

ከዚያ በረዶው ቀለጠ። የዝዋይ፣ የላንጋኖ፣ የአብጃታና የሻላ ሐይቆች ተገናኝተው አንድ ትልቅ ሐይቅ ሆኑ፣ ሞልተውም ወደ አዋሽ ፈሰሱ። ባሕሩም ተመለሰ። አመላለሱ ግን ለስላሳ አልነበረም። ከ14,600 ዓመት ገደማ በፊት በ500 ዓመት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ከ14 ሜትር በላይ ከፍ ያለበት ወቅት አለ። በሃምሳ ዓመት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ነው። አያቱ ዓሣ ያጠመደበትን ድንጋይ የልጅ ልጁ ከውሃ በታች ነው የሚያውቀው። የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ከዚያ በፊት የብስ ነበር፤ ጤግሮስና ኤፍራጥስ ተገናኝተው መሐሉን እያቋረጡ እስከ ሆርሙዝ ይወርዱ ነበር። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚሠሩባቸው የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ፊት ለፊት ያለው ሰማያዊ ውሃ ታች የድሮ ወንዝ ሸለቆ ነው።

ባሕሩ ወደ ዛሬው ከፍታው የተጠጋው ከ7,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። በየመንና በሳዑዲ ድንበር ፊት ለፊት ባሉት የፈረሳን ደሴቶች ዳርቻ ላይ ሰዎች በልተው የጣሉት የዛጎል ክምር በሺዎች ይቆጠራል። ሁሉም ከዚያ ወዲህ የሆነ ነው። የቀደሙት ዳርቻዎች፣ የቀደሙት ማደሪያዎች ውሃ ውስጥ ናቸው። ስለ ደቡቡ መሻገሪያ ማስረጃ የሚያጥረን ሰዎቹ ሳይኖሩ ቀርተው ላይሆን ይችላል። የረገጡት አሸዋ ከመቶ ሜትር ውሃ በታች ስለሆነ ሊሆን ይችላል። እዚያ መፈለግ ከባድና ውድ ነው። ቢፈለግ ደስ ባለኝ።

ለተማሪዎ አንድ የቤት ሥራ ላቅርብ። የባሕር ጥልቀት የሚያሳይ የቀይ ባሕር ካርታ ያግኙላት። ከ120 ሜትር የማይጠልቀውን ሁሉ የአፈር ቀለም ትቀባው። ዳህላክ ከምጽዋ ጋር ትገናኛለች። ፈረሳን ከዓረቢያ ጋር ይገናኛል። ሁለቱ የብሶች ወደ መሐል እየተጠጉ ይመጣሉ። ሐኒሽ ጋ ስትደርስ በመካከላቸው አንዲት ቀጭን መስመር ሳትቀባ ትቀራለች። እሷን ሰማያዊ ታድርጋት።